ሁለት ስም ይዤ ንግድ ፈቃድ የጠየቅሁ ዕለት

ኮሮና እንዲይዘኝ የተሳልኩ ሴት ነኝ። አትሳቁ። ሰው ሁሉ በሳኒታይዘር እጁን ሲልጥ፣ እኔ ሻርጃ ውስጥ አፍንጫዬን ተመርምሬ ውጤቱ እስኪመጣ «አምላኬ፣ ፖዘቲቭ አድርገኝና ስለት አስገባለሁ» ስል ውዬአለሁ። ሰው እዚህ የሚደርሰው በምን እንደሆነ ታሪኬን ስትሰሙ ትፈርዳላችሁ።

ያኔ ሠላሳ ዓመት አልሞላኝም። ሻርጃ አጠገብ፣ አል ቁሰይስ የሚባል ሰፈር ውስጥ ባለ አንድ የሴቶች የውበት ሳሎን ጸጉር ሠሪ ነበርኩ። ኮሮና ሲመጣ ሳሎኖች ሁሉ ተዘጉ። የኛዋ ባለቤት ሁለት ወር ታገሰችና አንድ ቀን ሰብስባን «ቪዛችሁን ልሰርዝ ነው፣ ኸላስ፣ ከዚህ በላይ አልችልም» አለችን። አልተቀየምኳትም፣ እሷም ስታለቅስ ነበር። ብቻ ከዚያን ቀን ጀምሮ ወይ ሌላ ቪዛ ማውጣት ወይ አገር ለቅቆ መውጣት ግድ ሆነብኝ።

ሻርጃ፣ ሮላ ሰፈር ውስጥ ስድስት ሆነን አልጋ አልጋ በተከራየንበት ቤድ ስፔስ፣ ፊት ለፊቴ ያለው አልጋ ላይ የምትተኛው ማርታ ነበረች። የተማረች ልጅ ናት፤ ሆቴል ሪሴፕሽን ስትሠራ እሷንም ያው ኮሮና ከሥራ አስወጥቷታል። ሁለታችንም አልጋችን ላይ ተቀምጠን ግድግዳ ስናይ ሰነበትንና፣ አንድ ከሰዓት ድንገት ብድግ ብላ «ቲጂ፣ አንቺ እጅ አለሽ፣ እኔ ምላስ አለኝ። ለምን የራሳችንን አንከፍትም?» አለች።

«የራሳችንን ምን?»

«ሳሎን ነዋ! ጎረቤታችን አጅማን ኪራዩ ይሻላል። አሁን ሰው ሁሉ ሲዘጋ ባዶ ሱቅ ሞልቷል።»

ነገሩ እንዲህ ተጀመረ። አጅማን የመንግሥት ማመልከቻ የሚጻፍበት ታይፒንግ ቤት ያለው ሻፊ የሚባል ህንዳዊ ጉዳይ አስፈጻሚ አገኘን። ደግ ሰው ነው፣ ግን ሲናገር ይቸኩላል። ለውጭ አገር ሰው የሚያስፈልገውን አንድ በአንድ ነገረን። መጀመሪያ የንግድ ስም ማስመዝገብ፣ ከዚያ የመጀመሪያ ደረጃ ይሁንታ፣ ከዚያ የሱቅ ውል፣ ከዚያ የማዘጋጃ ቤት ቁጥጥር፣ ከዚያ ፈቃዱ፣ በፈቃዱ ደግሞ የባለቤትነት ቪዛ። ሙያው የኔ ስለሆነ ፈቃዱ በእኔ ስም እንዲወጣ ተስማማን። ማርታ ሦስት የንግድ ስም ጻፈች፣ መሥሪያ ቤቱ ሁለቱን ጣለ፣ ሦስተኛውን ተቀበለን። የማዘጋጃ ቤቱ ሰው መጥቶ መታጠቢያውን ለካ፣ መስታወቱ ከውጭ ወደ ውስጥ እንዳያሳይ ሸፍኑ አለን፣ ሸፈንን። ወንበሮቹን እኔና ማርታ በእጃችን አጠብናቸው። እንዲያው ደስ ሲለን!

ደስታው መሐል ግን እኔ የደበቅሁት ነገር ነበር። ማርታም አታውቀውም፤ ማንም አያውቀውም።

እኔ ትዕግስት አበበ ነኝ፣ የአሰላ ልጅ። ወደዚህ አገር መጀመሪያ የመጣሁት ግን ትዕግስት ሆኜ አይደለም። በአሥራ ሰባት ዓመቴ ደላላው «በዚህ ዕድሜ አትሄጂም፣ በዚህም ስም ቶሎ ቤት አይገኝልሽም» ብሎ ሉባባ መሐመድ የሚል፣ ዕድሜዬን ሃያ አራት ያደረገ ፓስፖርት አስወጣልኝ። ይሄ በኛ ዘመን ነውር አልነበረም። ከሰፈሬ አብረውኝ የተሳፈሩት አራት ሴቶች ሁላችንም በሰው ስም ነበርን፤ አውሮፕላን ውስጥ ስማችንን እያጠናን እየተሳሳቅን መጣን። ሻርጃ ማዳም ቤት አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሠራሁ። ምን እንዳየሁ አልነግራችሁም፣ ብቻ አንድ ጠዋት ቆሻሻ ልጥል ወጥቼ ጠፋሁ። ፓስፖርቴ እዚያው ቀረ። ማዳምም ጠፋችብኝ ብላ አመለከተች። ከዚያ በኋላ ሮላ ተደብቄ በየሰው ቤት እያጸዳሁ ዓመታት ቆየሁ። መንግሥት ምህረት ሲያውጅ በሉባባ ስም ሊሴ ፓሴ፣ በፓስፖርት ፈንታ የሚያሳፍር ወረቀት፣ ተሰጠኝ፣ አሻራዬን ወሰዱ፣ ዓይኔን በማሽን አነሱኝ፣ አገሬ ገባሁ።

በምህረት የወጣ ሰው መመለስ ይችላል ይባል ነበር። እኔ ግን ስመለስ በእውነተኛ ስሜ አዲስ ፓስፖርት አውጥቼ፣ ስለ ሉባባ አንድ ቃል ሳልተነፍስ ገባሁ። ኤርፖርት ዓይኔን አነሱኝ። አለፍኩ። መታወቂያ ሲሰጡኝም አለፍኩ። ማንም ምንም አላለኝም። ማርያም ሸፈነችኝ አልኩና ረሳሁት ልበላችሁ? ፖሊስ ባየሁ ቁጥር መንገድ እቀይር ነበር።

አንድ እሑድ ሻፊ ደወለ።

«ሲስተር፣ ትንሽ ሙሽኪላ አለ።»

«ምን ችግር?»

«ፈቃዱ ቆሟል። ባለቤቷ ማክሰኞ አራት ሰዓት በአካል ትቅረብ ይላል። አሁን ያላትንም የቀድሞ ፓስፖርቶቿንም በሙሉ ይዛ።»

«የቀድሞ» የምትለዋን ስሰማ ስልኩ ከእጄ ወደቀ። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል ማለት ይሄ ነው። ማርታ ስልኩን አንስታ ጨርሳ አናገረችውና ወደኔ ዞረች።

«የቀድሞ ፓስፖርት አለሽ እንዴ?»

«የለኝም።»

«ታዲያ ምን ያስደነግጥሻል? ፊትሽ አመድ መስሏል እኮ!»

ሌሎቹ ልጆች ክፍሉ ውስጥ ስለነበሩ ሸሚዟን ጎትቼ ደረጃ ላይ አወጣኋት። እዚያ ቁጭ ብዬ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ማርታ ስትሰማኝ ቆየችና መጀመሪያ የጠየቀችኝ ምን ይመስላችኋል?

«ሁለት ዓመት ሙሉ ፊት ለፊት ስንተኛ አልነገርሽኝም?»

«ፈራሁ።»

«እኔን?»

ማርታ ተነስታ ሁለት ደረጃ ወረደች፣ ተመልሳ ደግሞ ወጣች።

«እሺ አሁን ምን ልታደርጊ አሰብሽ?»

«ልሂድ። ሳይዙኝ ትኬት ልቁረጥና አገሬ ልግባ። ሱቁን ወደ አንቺ ስም እናዙረው።»

«እኔ በምኔ ልሠራበት ነው? ጸጉር ልጎነጉን? የራሴን እንኳ አንቺ አይደለሽ እንዴ የምትሠሪኝ!» አለች፤ ልትስቅ ጀምራ እንባዋ መጣ። «ደግሞስ በየት በኩል ልትወጪ ነው? ኤርፖርትም እኮ ያው ዓይንሽን ነው የሚያነሱት።»

እውነቷን ነው። ይሄ አልታየኝም ነበር። በቆምኩበት ታሰርኩ፤ ብሄድም ማሽኑ ነው፣ ብቀርም ማሽኑ ነው።

ሰኞ ሻፊ ታይፒንግ ቤት ሄድን። ዝርዝሩን አልነገርነውም፣ ግን እሱ ስንት ዓመት የሠራበት ነው፣ ፊቴን አይቶ ነገሩ ገባው። ማስኩን ወደ አገጩ ዝቅ አድርጎ በሹክሹክታ መከረኝ። «ሲስተር፣ የሚጠይቁሽን ሁሉ ላ፣ የለም በይ። በሌላ ስም? ላ። ድሮ እዚህ ነበርሽ? ላ። ጥፋት ያለው የሚያወራ ሰው ላይ ነው።» እኔም ልክ ነው አልኩ። ቀኑን ሙሉ «ላ» ማለትን ስለማመድ ዋልኩ። መታጠቢያ ቤት መስታወት ፊት ቆሜ «ላ፣ ላ» ስል ብታዩኝ አበደች ትሉ ነበር።

ወደ መሥሪያ ቤቱ ለመግባት የኮሮና ምርመራ ግዴታ ነበርና ያን ዕለት ተመረመርኩ። ስለቱን የተሳልኩት ያኔ ነው። ፖዘቲቭ ከሆንኩ ሁለት ሳምንት ተለይቼ እቀመጣለሁ፣ እስከዚያ አንድ ነገር ይሆናል ብዬ። ውሃ የወሰደው ሰው አረፋ ይጨብጣል አይደል? ማታ መልእክቱ መጣ፦ ኔጋቲቭ። ማርታ «እንኳን ደስ አለሽ» ብላ ስታየኝ ትራስ ወረወርኩባት።

ማክሰኞ ከሮላ ታክሲ ይዘን አጅማን ሄድን። መንገዱ ጭር ብሎ ነበር። በዚያ ሰሞን ታክሲ ውስጥ ሾፌሩና ተሳፋሪው በላስቲክ መጋረጃ ይለያያሉ፤ እኔ መጋረጃው ላይ የራሴን ፊት አያለሁ፣ ማርታ እጄን ይዛለች። በር ላይ ሙቀታችንን ለኩ። ዘበኛው «ባለጉዳይ ብቻ» ብሎ ማርታን አስቀራት።

«እዚሁ ነኝ» አለችኝ። «ቢመሽም እዚሁ ነኝ። የሚመጣልሽን ተናገሪ፣ እኔ ምንም አልመክርሽም። አንቺው ነሽ የምትኖሪበት።»

ውስጥ ሰው ተራርቆ ይቀመጣል፣ አንድ ወንበር እየተዘለለ። ቁጥሬ ሲጠራ ወደ መስኮቱ ሄድኩ። ከመስታወቱ ጀርባ ጥቁር አባያና ጥቁር ማስክ ያደረገች ሴት ተቀምጣለች፤ ከፊቷ የሚታየኝ ዓይኗ ብቻ ነው። ፓስፖርቴን ተቀብላ አገላበጠች።

«ትዕግስት?»

«አዎ።»

«የቀድሞ ፓስፖርት?»

«የለኝም።»

«ማስክሽን አውርጂና እዚህ ካሜራ ላይ ተመልከቺ።»

አወረድኩ። ከንፈሬ ይንቀጠቀጣል፤ ማስኩ ያን ሁሉ ጊዜ ሸፍኖልኝ ኖሯል። ኮምፒውተሯን ነካ ነካ አደረገች። ከዚያ ሳታየኝ፣ አሁን የምጽፍላችሁን ጥያቄ በቀስታ ጠየቀችኝ።

«ከዚህ በፊት በሌላ ስም እዚህ አገር ገብተሽ ታውቂያለሽ?»

«ላ» ምላሴ ጫፍ ላይ ነበረች። ቀኑን ሙሉ ተለማምጃታለሁ እኮ! ግን አልወጣ አለች። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ጀግንነት አይደለም። መዋሸት ደከመኝ። በአሥራ ሰባት ዓመቴ አውሮፕላን ውስጥ የጀመርኩት ልምምድ ዛሬም አላለቀም፤ ዛሬ ደግሞ አዲስ ውሸት ልጨምርበት ነው። 

«ነዓም» አልኩ። አዎ። «ሉባባ መሐመድ።»

ጣቶቿ ቆሙ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ። ፓስፖርቴን ይዛ ተነሳችና ከኋላዋ ባለው በር ገባች።

ከዚያ አንዲት የሴት ጥበቃ መጥታ ስልኬን ተቀበለችኝና አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ቁጭ በይ አለችኝ። በሩን ዘጋችው። ቆለፈችው ወይስ ዝም ብላ ገጠመችው? አላወቅሁም፤ ተነስቼ ለመሞከርም ፈራሁ። ስንት ሰዓት እንደቆየሁም አላውቅም። ያን ጊዜ ያሰብኩትን ብነግራችሁ አያልቅም። እስር ቤት አሰብኩ። እናቴ ስትሰማ አሰብኩ። ደጅ የቆመችውን ማርታን፣ ያጠብናቸውን ወንበሮች አሰብኩ። ኤሲው ይነፍሳል፣ እኔ ላብ በላብ ሆኛለሁ። «አንቺ ደደብ፣ ላ ማለት አቅቶሽ?» ብዬ ጭኔን በቡጢ መታሁት። አባታችን ሆይ ልደግም ጀምሬ መሐሉ ጠፋብኝ፤ በሕይወቴ አባታችን ሆይ ጠፍቶኝ አያውቅም።

በሩ ተከፈተ። ያቺው ሴትና አንድ ሽበታም ሰውዬ፣ አለቃዋ ይመስለኛል፣ ላፕቶፕ ይዘው ገቡ። ሰውዬው ተቀምጦ ረጅም ጊዜ አነበበ።

«ከአሠሪሽ ቤት ጠፍተሻል።»

«አዎ።»

«ለምን?»

ነገርኩት። ለእናንተ ያልነገርኳችሁን ለሱ ነገርኩት። አረብኛዬ እየተሰባበረ፣ እያለቀስኩ። ሴትየዋ መሬት መሬት ታያለች።

ሰውዬው ላፕቶፑን ወደ እኔ አዞረው። ስክሪኑ ላይ ሁለት ፎቶ ጎን ለጎን አለ። አንዱ አሁን ካሜራው ያነሳኝ ነው። ሌላውን መጀመሪያ አላወቅሁትም። ሻርፕ ያጠለቀች፣ ጉንጯ የሞላ፣ ካሜራውን በፍርሃት የምታይ ልጅ ናት። ልጅ! ሃያ አራት ዓመት የሚል ከሥሯ ተጽፏል።

«ይቺ አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«ስንት ዓመትሽ ነበር?»

«አሥራ ሰባት።»

ሴትየዋ በእጇ አፏን ሸፈነች፣ በማስኩ ላይ። ሰውዬው ተነፈሰና እንዲህ አለኝ፦ «ስሚ። ዓይንሽ መጀመሪያ ስትመለሺ ነው የተናገረው። መዝገቡ ውስጥ ሁለቱም ስም ከዚያን ቀን ጀምሮ አለ። የመጥፋቱ ክስ በምህረቱ ተዘግቷል። ለሠራተኛነት ማንም አልጠየቀሽም፤ የንግድ ባለቤት ስትሆኚ ግን ማንነትሽ መጣራት አለበት። ዛሬ የጠራንሽ ለዚህ ነው። በሌላ ስም አልገባሁም ብለሽ ቢሆን ኖሮ፣ ጉዳይሽ ከኔ ጠረጴዛ ላይ ወደ ዐቃቤ ሕግ ነበር የሚሄደው።»

ወይኔ! እነዚያን ዓመታት ሁሉ መንገድ ስቀይርባቸው የኖርኩ ሰዎች ያውቁ ነበር? ሳቅ ይሁን ለቅሶ ያልለየለት ድምፅ ወጣኝ።

«ግን አልጨረስንም» አለ ሰውዬው፣ ኮስተር ብሎ። «ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚያረጋግጥ ደብዳቤ ከቆንስላችሁ በሁለት ሳምንት ውስጥ ታመጫለሽ። ካላመጣሽ ማመልከቻሽ ይሰረዛል፣ አገርም ትለቂያለሽ።»

ስወጣ ማርታ ፀሐይ ላይ ቆማ ማስኳ በላብ ርሶ ነበር። ገና ስታየኝ «ፈቱሽ?» ብላ ጮኸች፣ ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። እዚያው መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ሁለቱ ሳምንታት ቀላል አልነበሩም። ቆንስላው በኮሮና ምክንያት ሰው በቀጠሮ ብቻ ነበር የሚያስተናግደው። ማስረጃ ደግሞ ከአሰላ መምጣት አለበት፤ እናቴ ቀበሌም ቤተ ክርስቲያንም መሄድ አለባት። ስደውልላት ምን እንደምላት ጨነቀኝ፤ ሉባባ የሚለውን ስም በቤታችን ከደላላው ቀን በኋላ አንስተነው አናውቅም።

«እማዬ፣ የክርስትና ወረቀቴን ፈልጊልኝ። ትዕግስት እንደሆንኩ ማስረዳት አለብኝ» አልኳት።



«ያኔ ማስቆም ነበረብኝ» አለች። «ለእህል ብዬ ስምሽን ሸጥኩት፣ ልጄ። በማግስቱም ትዝ ይለኝ ነበር፣ ዛሬም ትዝ ይለኛል።» እናቴ በዚህ ጉዳይ ስታወራ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ወረቀቱን ይዛ በማስክ ከቢሮ ቢሮ ስትሮጥ ሰነበተች። ደብዳቤው በአሥራ ሦስተኛው ቀን እጄ ገባ። ወስጄ ሳስገባ ያቺ ሴት አንብባ ማህተም አደረገችበትና «መብሩክ፣ ትዕግስት፣ እንኳን ደስ አለሽ» አለችኝ። ፈቃዱ በሳምንቱ ወጣ።

እንግዲህ ይህን የምታነቡ፣ በተለይ በሁለት ስም የምትኖሩ ወገኖቼ፣ ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁና አንድ ነገር ልበላችሁ። ሄዳችሁ ተናዘዙ ሁሉም ይቀናል አልላችሁም። ምህረቱ ባይኖር ኖሮ የኔ ታሪክ ሌላ ይሆን ነበር፤ አንዲት የማውቃት ልጅ ነገሩ ሳይቀናት ወደ አገሯ ተመልሳለች። የየሰው ጉዳይ ይለያያል፣ መጀመሪያ የሚያውቅ ጠይቁ። ግን ንግድ ልትከፍቱ ስትነሱ ሱቁን ከመከራየታችሁ፣ ወንበሩን ከማጠባችሁ በፊት ስማችሁን አጥሩ። ዝምታዬ ደብቆኛል ብዬ ነበር፣ አልደበቀኝም። እንቅልፌን ብቻ ነው የወሰደብኝ።

ሌላም የተቀየረ ነገር አለ። ያቺን ሻርፕ ያጠለቀች ልጅ ለዓመታት እንደ ወንጀለኛ ስሸሻት ኖሬ፣ ስክሪኑ ላይ ሳያት ግን አንጀቴን በላችኝ። ልጅ ነበረች። ማንም አልጠየቃትም። ከዚያ በኋላ ስሟን ስጠራ አልደነግጥም።

ሳሎናችን ተከፍቶ ጥቂት ወራት እንደሠራን አንዲት ሴት ጸጉሯን ልትሠራ መጣች። በሰው ቤት የምትሠራ፣ የደከማት ሴት ናት። ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ስሠራት፣ ማርታ ለሚቀጥለው ቀጠሮ ልትመዘግባት ስሟን ስትጠይቃት፣ በመስታወቱ እያየችኝ «የቱን ልንገራችሁ?» አለች። ገባኝ። እጄን ከጸጉሯ ላይ ሳላነሳ «እኔም ሁለት ነበረኝ» አልኳት። ዞራ አየችኝ፣ ዓይኗ በእንባ ሞላ። የማርታም እስክሪብቶ ቆመ።

ስጨርስላት፣ «ማክሰኞ ሥራ አልገባም» አልኳት። «ቆንስላው አብሬሽ እሄዳለሁ።»